የአባባ መላጊያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ድንጋያችንን ያህል የከበደ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ በእኛ አታስብ።

አባባ ጡረታው አላስቀምጥ ብሎት በስተርጅና አናጢ ሆኖልሃል። በየሳምንቱ የሳሎኑን በር ይልጋል። «እርጥበት ጠጥቶ ነው» ይላል፤ ዝናብ ካየን ግን አራት ወራችን ነው። ትናንት ብርቱካን ከእጄ ወድቃ ሳትቆም እስከ ምድጃው ተንከባለለች። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

ድሮ ከማዕድን ማውጫው ሥራ ሲመለስ ስለ ማዕድኑ ሲያወራ ትዝ ይልሃል? ባራይት የሚሉትን ድንጋያችንን ፍል ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ወጥቶ የተወው ነው ይለን ነበር፤ ነጭ ሆኖ እንደ እርሳስ የሚከብድ። አሁን የሚያወራው ማዕድን ማውጫው ስለተዘጋበት ዓመት ብቻ ነው። ማዕድኑ ሲያልቅባቸው የዋሻውን ጣሪያ ደግፈው የቆሙትን የባራይት ምሰሶዎች ሳይቀር ፈልፍለው አወጡ አሉ።

«ከእኛ ቤት ሥር ያሉትንስ ማን አወጣቸው?» አልሁት።

መላጊያውን አነሳ።

«ታላቅ እህቴ ዘንድ እንሂድ» ስለው ደግሞ «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ይላል። ግትርነቱን ታውቀው የለ!

ልጆቹን ይዘህ እመጣለሁ ያልከውን ለጊዜው አቆየው፤ ቤቱ ይጠባችኋል። ባለቤትህን ሳምልኝ።

ፖስተኛው ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ። ደብዳቤውን በመስኮት ነው የማቀብለው፤ በሩ ዛሬ ጭራሽ እምቢ ብሏል። አባባ ከውስጥ እየላገው ነው።

እህትህ