የተበየደው የቀኝ በር

ነቀምት፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለዓምደሚካኤል
ጊምቢ

እንደምን ሰነበትክልኝ? የጊምቢ ጭጋግ እንዳይጎዳህ ጋቢህን ከመኪናዋ ጋር ልኬልሃለሁ። እናትህ ደህና ናቸው፤ ስምህን ጠርተው አይጠግቡም። እኔም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛልና ወደ ፒካፗ ጉዳይ ልለፍ።

የቡና ግዢ በዛብኝ ብለህ ዝገቷ እንዲበየድ ከመዛኝህ ከኩማ ጋር ሰደድካት። የሞተሩን ድምፅ ስሰማ አንተ መስለኸኝ ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ነው ሮጬ የወጣሁት። መሪውን የያዘው ኩማ ሆኖ ሳገኘው የተቀበልኩበትን ፊት እሱ ይንገርህ።

በያጁ ጃራ ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ እግቢያችን ድረስ መጣ። ወንበሮቹን አውጥቶ ምንጣፉን ሲገልጠው፣ በአንተ በኩል ያለው ወለል ደህና ነው። ከጎንህ ያለው ግን በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። "የፊት መስታወቱ ጎማ አርጅቷል፤ ዝናብ በዚህ በኩል ያስገባል" አለኝ። እሺ ይሁን፣ ዝናብ ነው። ግን እኔ በዚያ ወንበር የተቀመጥኩት ለፋሲካ ዲጋ ስንሄድ ብቻ ነው፤ ምንጣፉ ላይ የደረቀው ጭቃ የማን እግር ነው? ኩማን ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። "እማዋይሽ አንዳንዴ ከገበያ ስትመለስ..." ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ምሳህን እሷ ምግብ ቤት እንደምትበላ አውቃለሁ። ባለሙያ ናት ይላሉ፣ ትሁን። ከጎንህ ተቀምጦ መሄድም ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርባል እንዴ? ቀናሁ፣ ዓምዴ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ጃራ ዝገቱን ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ጣለው፤ አለዚያ ብየዳው አይዝም አለ። ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ቆርጦ በመዶሻ እያስተካከለ ገጠመው። ሥራው ያኮራል። ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ግን "የቀኙንም በር በይደው" አልኩት።

"ምኑን?"

"በሩን። እንዳይከፈት አድርገህ።"

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ኩማ "ኧረ እትዬ ሸዋጌጥ፣ ጋሼ ምን ይሉኛል!" እያለ ተለማመጠኝ። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ ጃራ ትከሻውን ነቅንቆ ከላይ እስከ ታች በየደው።

ከእንግዲህ ከጎንህ የምትቀመጥ ሴት በአንተ በር ነው የምትገባው። የጊምቢ ገበያተኛ ቆሞ እያየ፣ አንተ ወርደህ ታሳልፋታለህ። ይህንን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ጃራ መነጽሩን አወለቀና "ያ ሃዳ መና፣ የቤቱ እመቤት፣ እርስዎስ በየት ሊገቡ ነው?" አለኝ።

ለካ አላሰብኩበትም። "ባለቤቴ ወርዶ ያስገባኛል" አልኩት። ኩማ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። ያ ፊት ማዞሩ ነው እህል የከለከለኝ።

ኩማ ነገ ይዟት ይመጣል። በሩን ስታየው ተቆጣ፣ ስደበኝ፤ እችለዋለሁ። ብቻ አንድ ነገር በእውነት ጻፍልኝ፦ ለእኔ ትወርዳለህ?

እናትህ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ ብለው መርቀውሃል። እኔም አሜን ብያለሁ፤ መንገዱ ወደ ቤት የሚያመጣህ ከሆነ።

ሚስትህ
ሸዋጌጥ