ዓሣ አይተው ሞኒተር ለመረጡልን ለኦቦ ቀጄላ

ይድረስ በቡራዩ ለሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡር ኦቦ ቀጄላ፤

አካም ጅርቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ስብሰባዎችዎም የታሸገ ውኃ የማይጎድልባቸው እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የሚለማመደውን የማዕከሉን የበረራ ሲሙሌሽን ክበብ የማሠለጥነው የፊዚክስ መምህሩ ዕዝራ ነኝ። ከቢሮዎ በር ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆምኩ መልኬ ሳይጠፋዎት አይቀርም፤ በሩ ሰሞኑን ስላልተከፈተልኝ ግን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። የክበቡ አሮጌ ሞኒተር በተቃጠለ ጊዜ ወጣቶቹ ተሰብስበው መከሩና የሚፈልጉትን እንዳስረዳዎ እኔን ላኩኝ። ለበረራ ልምምድና ለጌም የሚሆን ሞኒተር እጅ ያዘዘውን ወዲያው የሚያሳይ፣ ምስሉ በፍጥነት ሲዞር የማይዝረከረክ፣ ተጠግቶ ለሚቀመጥ ሰው መጠኑ የሚመች፣ ከጎን ቆሞ ለሚያይ አሠልጣኝም የማይጠቁር መሆን እንዳለበት ነገርኩዎ። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ ሰበታ ወዳለ አንድ ሱቅ ብቻዎን ሄደው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አስጭነው ተመለሱ። ለምን ይህን እንደመረጡ ስጠይቅዎ «ሱቁ ውስጥ ዓሣ ሲዋኝበት አየሁ፤ ሕያው ነው የሚመስለው» አሉኝ። በእርግጥ የምናበረው አውሮፕላን እንጂ ዓሣ አለመሆኑን ቀደም ብለን በግልጽ ማሳወቅ ነበረብን።

ሁለተኛ፣ ስለ ሪሞቱ አመሰግናለሁ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲደክም ጆይስቲኩ ያዘዘውን ዘግይቶ ነበር የሚያሳየው። ወጣቶቹ አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት ስክሪኑ ጥቂት ያስብበትና ነው የሚዞረው፤ እነሱ ደግሞ ያልታዘዘላቸው ስለሚመስላቸው ጆይስቲኩን የበለጠ ይጫኑታል፤ ትእዛዙ ተደራርቦ ሲመጣ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። ይህን ማሳመሪያ የሚያጠፋ ቅንብር ስላለው ሪሞቱን እንዲሰጡን ለመንንዎ። እርስዎ ግን ሪሞት በቀላሉ የሚጠፋ የመንግሥት ንብረት መሆኑን ገልጸውልን መሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። በቴሌቪዥኑ አምነውን በሪሞቱ ሳያምኑን መቅረትዎ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆኑ ያሳያል።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቁጥሩን ልተወው፤ ሦስተኛው ነገር አይደለም፣ ሰው ነው። ጣቢታ ትባላለች።

ጣቢታ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የአብራሪነት ሥልጠና መግቢያ ፈተና የምትጠብቅ ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ተስፋነሽ ከሆሳዕና መጥተው ሰበታ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ የልጃቸውን ልምምድ ከቁማር ብዙም የማይለዩ ጥብቅ አማኝ ናቸው። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ክበባት በማዕከላችን አዳራሽ ሲወዳደሩ ግን ከፈረቃቸው አስፈቅደው መጡ፤ ልጃቸው ስትወዳደር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ኮምፒውተርና ስክሪን ይዞ ቀረበ፤ እኛም የእርስዎን ቴሌቪዥን ይዘን ቀረብን። የሁሉም ፈተና በጎን ነፋስ ውስጥ ማረፍ ነበር። ጣቢታ አውሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው ጋር ለማስተካከል ስትሞክር ስክሪኑ ዘገየባት፤ ጨመረች፤ ክንፉ መሬት ነካና ተከሰከሰ። ይህ በራሱ ይታለፍ ነበር። እርስዎ ግን ማይክሮፎኑን አንሥተው «ሴቶች ልጆቻችን ገና ብዙ ይቀራቸዋል፤ እስከዚያው መሪውን ለወንዶቹ ይተዉላቸው» አሉ። አዳራሹም ሳቀልዎ። ወይዘሮ ተስፋነሽ አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው የልጃቸውን እጅ ያዙና ወጡ። በማግስቱ ጣቢታን ክበቡ እንዳትደርስ ከልክለው ፋብሪካቸው ውስጥ ሥራ ያፈላልጉላት ጀመር። ልጅቷም አልተከራከረቻቸውም፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። እርስዎ ያሉትን አምናው ነበር።

ውድድሩን ያየችው የሱሉልታ ክበብ አሠልጣኝ ገለቴ፣ ጥፋቱ የልጅቷ እጅ እንዳልሆነ ገብቷት ኖሮ የራሳቸውን ሞኒተር በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሚኒባስ አመጣችልን። ትንሽ ነው፤ ዓሣም አላየንበትም። ወይዘሮ ተስፋነሽን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመጡ ለምኜ ከልጃቸው ጋር አመጣኋቸው። ኮምፒውተሩ ያው፣ ጆይስቲኩ ያው፣ ነፋሱም ያው ነበር፤ የቀየርነው ስክሪኑን ብቻ ነው። ጣቢታ መጀመሪያ ጆይስቲኩን በጥቂቱ ብቻ ገፋችው። ከዚያ አውሮፕላኑ እንደሚታዘዛት ስታይ ትከሻዋ ወረደ፤ ነፋሱን ተከትላ አፍንጫውን አቃናችና መንኮራኩሮቹን ማኮብኮቢያው መካከል አሳረፈቻቸው። እናቷ ቴሌቪዥንዎንም ሞኒተሩንም ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው የወደቀችው ልጄ አልነበረችም» አሉ። ልጅቷ ያን ዕለት ነው ያለቀሰችው።

ይህንኑ ልነግርዎ መጣሁ። ያን ቃል በተናገሩበት አዳራሽ እንዲያርሙት ብቻ ነበር የጠየቅኩዎ። ቴሌቪዥኑ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ እርስዎ ራስዎ ኳስ እንዳዩበት ነግረው አሰናበቱኝ። እኔም በዚያው ሳምንት የተዋስነውን ሞኒተር መለስኩና ጣቢታን ወደ ገለቴ ክበብ አዛወርኳት። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ እየቀያየረች፣ አዲስ አበባን አቋርጣ ሱሉልታ ትለማመዳለች፤ እናቷም ከፈረቃ ሲወጡ መንገድ ላይ ይጠብቋታል።

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ላይ በተደረገው ውድድር ጣቢታ ለሱሉልታ ተሰልፋ አንደኛ ወጣች። እርስዎም በክብር እንግድነት ተገኝተው፣ ከሁሉም ቀድመው መድረኩ ላይ ወጥተው፣ እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ፎቶ ተነሡ። ፎቶውም በማዕከሉ ገጽ ላይ «ባሟላንላት ዘመናዊ ስክሪን ተለማምዳ ለድል የበቃች ልጃችን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። ኦቦ ቀጄላ፣ ስለ ሞኒተር አለማወቅዎን ማንም አይቀየምዎትም፤ ሲነግሩዎት አለመስማትዎን እንኳ ለምደነዋል። አንዲትን ልጅ በሕዝብ ፊት አዋርደው፣ ከሰፈሯ አሰድደው፣ ሌሎች ሲያነሧት «የእኔ ናት» ማለትዎ ግን ደሜን አፍልቶታል፤ ከዚህ በላይ በትሕትና የምጽፍበት ቃል አጥቻለሁ።

ስለዚህ ያንን ጽሑፍ እንዲያወርዱት፣ ይቅርታዎንም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ እናቷ ባሉበት እንዲጠይቁ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። ሪሞቱን ይስጡን አልልም፤ ከእንግዲህ የእርስዎ ነው።

ምርጫዎ ያልደረሰባቸው ሁሉ በሚያገኙት ደስታ እየቀናሁ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ መምህር ዕዝራ
ከቡራዩ

ማስታወሻ፦ ለጤና ጣቢያችን የነፍሰ ጡር መመርመሪያ አልትራሳውንድ የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው መሾምዎን ትናንት ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ነፍሰ ጡሯ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ክትትሏን ወደ ሌላ ከተማ አዛውራለች።