ለሁለት የተካፈለችው እናቴ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ እናቴን ተካፈሏት። አንገቷ ለነቃሿ ደረሰ፣ ሐዘኗ ለአባ ወልዴ። የተካፈሏት የአባቴ አክስት እትዬ ዘነቡና የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ናቸው። እትዬ ዘነቡ፣ "እንቅርቱ ዙሪያውን ሲነቀስ ይከስማል፤ ነቃሿን ለዓርብ ቀጥሬያታለሁ" አሉ። አባ ወልዴ ደግሞ፣ "ዝምታዋ የሰይጣን ነው፣ ጸበል ትግባ" አሉ። አባቴ ለሁለቱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

የእትዬ ዘነቡ አንገት ራሱ ሦስት ረድፍ ተነቅሷል። እንቅርቱ ግን ከንቅሳቱ ሥር እንደ ዱባ ተመችቶት ተቀምጧል። ይህን ልናገር ስል አባቴ በዓይኑ ዋጠኝ።

እናቴ በቀትር፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ግድግዳ ታያለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ከክረምት ወዲህ የተለወጠው፦ ሁልጊዜ ይበርዳታል። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ጠዋት ፊቷ አብጦ ዓይኗ ይጠባል። ድምፅዋ ጎርንኗል። ጎረቤት የሚሰማው ሳቅ ነበራት፣ እሱም የለም። በሟች እህቷ ስም ትናንት ጠራችኝ።

አባቴ "ሰነፈች" ይላል። የአራት ሰው ሥራ ስትሠራ የኖረችውን ሴት!

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን በተነቀሰች በሳምንቱ አንገቷ መግል ቋጥሮ ስትቃትት ሰምቻታለሁ። የዚያች ሴት ተዝካር ላይ ከሁሉ በፊት የበሉት እትዬ ዘነቡ ናቸው። መሳቅ አማረኝ፣ ግን አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ጽሕፈቴ ተበላሽቷል።

ጠዋት እንስራዋን ይዛ ወጣች። ወደ ምንጩ አልታጠፈችም። ተከተልኋት። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ታች ታያለች። ጮክ ብዬ ብጠራት ትደነግጣለች ብዬ ፈራሁ፣ ዝም ብልም ፈራሁ። ቀስ ብዬ ቀሚሷን ያዝሁ።

"እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ለምን እንደ መጣሁ ጠፋኝ፣ ትርንጎ" አለች።

መርሳት ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም። ስንመለስ፣ "ሸክም ሆንሁባችሁ" አለችኝ። እንስራውን እኔ ተሸከምሁ፣ በአንድ እጄ እሷን ይዤ። ለአባቴ ስነግረው ሞፈሩን መጥረቡን ተወ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ትምህርት ቤት ብዬ ወጥቼ መካነ ኢየሱስ ክሊኒክ ሄድሁ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ወጣት ነው፣ ጫማው ከእሱ ይተልቃል። ስለ እንቅርቱና ስለ ንቅሳቱ ብቻ ነገርሁት።

"ይበርዳታል?" አለኝ። አዎ። "ፀጉሯስ? ድምፅዋስ? ትረሳለች?" አዎ፣ አዎ። "ሰው ትሸሻለች? መኖር የመረራት ትመስላለች?"

ሳያያት እናቴን ቆጠረልኝ። ያን ጊዜ አለቀስሁ።

አንገት ውስጥ ገላን የሚያሞቅ ዕጢ እንዳለ ነገረኝ። እሱ ሲደክም ገላም ይደክማል፣ ሐሳብም ይጨልማል። "ሁለት በሽታ አይደለም፣ አንድ ነው። የንቅሳት መርፌ እንዳታስነኳት። ደብረ ታቦር ሐኪም ጋ ውሰዷት" ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ።

ቤት ስገባ እትዬ ዘነቡ ለነገው ንቅሳት ጥላሸት ይፈጫሉ። አባ ወልዴም አሉ። የተማረ ሰው ብጠቅስ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በጣም ጨዋ ሆኜ ጎንበስ አልሁ።

"አባ፣ ነገ ሚካኤል አይደለም? በበዓሉ ደም ማፍሰስ ይፈቀዳል እንዴ?"

እትዬ ዘነቡ ወፍጮውን አቆሙ። "ይቺ እባብ!"

አባ ወልዴ ጢማቸውን አሻሹ። "እውነቷን ነው። በሚካኤል አይሆንም።"

"እንግዲያ ቅዳሜ።"

"ሰንበት ነው።"

"እሑድስ?" አልሁ እኔ፣ እንደማላውቅ።

"ዝም በይ አንቺ!" አሉኝ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ስለዚህ ሰኞ ሆነ። ሦስት ቀን አገኘሁ። ያኔ ወረቀቱን አውጥቼ ለአባቴ አነበብሁለት። ገደሉ ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ እትዬ ዘነቡን ቀና ብሎ ሳያይ፣ "ቅዳሜ በጭነት መኪናው እንወስዳታለን" አለ። በዕድሜዬ እሳቸውን ሲቃወም የሰማሁት ዛሬ ነው።

"በሰንበት መንገድ?" ብለው ወደ አባ ወልዴ ዞሩ።

"የሚደክመው መኪናው ነው" አሉ አባ። እጃቸውን ስሜ ልሞት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

የሾፌሩ ረዳት እናቴን እንደ ጤፍ ከረጢት አነሳት። እኛ ጤፍ ላይ ተቀመጥን። በየጠመዝማዛው ክንዷን ያዝሁ። መኪናው ገደል ዳር በሄደ ቁጥር ታች እንዳታይ ወሬ አበዛሁባት፣ የእትዬ ዘነቡን አነጋገር አስመሰልሁላት። አልሳቀችም። አባቴ ግን ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ አሳፈረው።

እሑድ፣ ጥቅምት 14፣ ደብረ ታቦር

ተረኛው ሐኪም አንገቷን ዳሰሰ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ፣ እግሯ ዘግይቶ ተነሣ። ኪኒን ሰጠ። "በሳምንታት እንጂ በቀን አይደለም። እስከዚያ ብቻዋን አትተያት" አለኝ፣ ለእኔ!

የመጀመሪያውን ዋጠች።

"እስከ መቼ ነው?" አለችው።

"ዕድሜሽን ሙሉ።"

"ረጅም ነው" አለች።

ስታማርር ይሁን ስትመኝ ከድምፅዋ መለየት አልቻልሁም። አሁን ጎኔ ተኝታለች፣ ትተነፍሳለች። የኪኒኑን ብልቃጥ ግን እኔ ጋ፣ መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ።