መጋረጃ የተከለከለው ጓዳችን

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ቢሮዎ እንዳይበርድዎ፣ ወንበርዎም እንዳይቆረቁርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሠፈሩን ጓዳ በፈቃዳቸው ከሚያገለግሉት ሦስት ሰዎች አንዷ፣ በዕድሜም ትልቋ ነኝ። ጓዳ የምንለው የተረፈው ሰው ምግብ የሚያስቀምጥበትን፣ የጎደለበት ደግሞ መጥቶ የሚወስድበትን ክፍል ነው። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ሌላም ሰው ያነበዋል። ፊደል የለየሁት ከሸበትኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነውና አጻጻፌ ቢያስቅዎ ይሳቁ። ግልጽነት እንደሚወዱ ስለነገሩን ደብዳቤዬን ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ማድረጌ ደስ እንደሚያሰኝዎ ግን አልጠራጠርም። እዚህ የደረስነው በእርስዎ ነው፤ ምስጋናውንም ከማንም ጋር እንዲካፈሉት አልፈልግም።

የድሮው ጓዳችን ከጋራዡ ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሩዙ ይሻግታል፣ ዱቄቱ ይጓጉላል። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። እዚያ አንድ ልማድ ነበረን። ሰው ሲገባ ሰላም ብለን ባዶ ከረጢት እንሰጠዋለን፤ ከዚያ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን፣ ቀድሞ የደረደርነውን ካርቶን እንደገና እንደረድራለን። እሱ ከመደርደሪያው የሚበቃውን ያነሣል። «ደህና ዋሉ» ሲል ያን ጊዜ እንዞራለን። ማን ምን ወሰደ ብለን ጠይቀን አናውቅም። መደርደሪያውን አራግፎ የሄደ ሰው አላየሁም፤ ዞሬ እንዴት አያለሁ? ግን ለሚቀጥለው ሰው ያልተረፈበት ቀን አላስታውስም።

የማያፈስ ክፍል ስጡን ብለን አመለከትን። ሰጡን። ስለዚህ በየተራ ላመስግንዎ።

፩ኛ. በዋናው መንገድ ላይ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ፊት ለፊት፣ ፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ ክፍል ስለመረጡልን እናመሰግናለን። ቀድሞ ጫማ መሸጫ ነበር ይላሉ፤ ጫማ መታየት ሳይወድ አይቀርም። መደርደሪያውን ሠራተኞችዎ ከኋላው ግድግዳ ጋር በብሎን አስረውልን ሄዱ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ዞር ስንል አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰልፈኛ ጋር ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን፤ ወደ ውስጥ ስንመለስ ደግሞ ከረጢቱን በሚሞላው ሰው ላይ እናፈጣለን። የምንዞርበት ወገን የለንም። አብሮን የሚያገለግለው ጡረተኛ ሾፌር፣ «እትዬ፣ የቀረን እኛ ላይ ዋጋ መለጠፍ ነው» አለኝ። ስንት አወጣለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎማ በቅናሽ ነው» ብሎ አሳቀኝ። ለሳቁም እናመሰግናለን።

፪ኛ. በመስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም «የችግረኞች ምግብ መስጫ» ብለው ስላስጻፉልን እናመሰግናለን። በሕይወቴ ከመንገድ ማዶ ሆኜ፣ ያለ መነጽር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው። የማታ አስተማሪዬ ብታየኝ ትኮራ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት መሃይም ሆኜ በቀረሁ ብዬ ተመኘሁ።

፫ኛ. በምረቃው ቀን ሪባን ቆርጠው፣ ለልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን የዘይት ጠርሙስ ሲያስጨብጧት የተነሡት ፎቶ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። በጣም አምሮብዎታል። እሷ ለልጆቿ ዘይቱን ገዝታ እንደምታመጣ ነበር የምትነግራቸው። ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው አውቶቡስ ነው።

፬ኛ. ከየቤታችን አሮጌ አንሶላ አምጥተን መጋረጃ ብንሰቅል፣ ጸሐፊዎ መጥተው «ግልጽነት የቢሯችን መመሪያ ነው» ብለው አስወረዱት። ሊያስረዱኝ ስለደከሙ አመሰግናለሁ። አቤት ልል ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ አልገባሁም እንጂ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ አይቻለሁ። የእርስዎ መስኮት ድርብ መጋረጃ አለው፤ ቀለሙም ያምራል።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ከእነዚህ ጋር የሚሰለፍ አይደለም።

በሠፈራችን አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራ ያቆሙ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ድሮው ጓዳ ይመጡ የነበረው ክራባት አስረው፣ የሥራ ቦርሳ ይዘው ነው። ሩዙና ምስሩ ቦርሳው ውስጥ ይገባና እንደ ባለጉዳይ ኮራ ብለው ይወጣሉ። የሚወስዱት መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም፤ ይህን የነገረችን ሦስተኛዋ ባልደረባችን፣ ነርሷ ናት። አዲሱ ክፍል በተከፈተ ሰሞን መጡ። እጃቸውን ወደ በሩ እጀታ ሲዘረጉ በመስታወቱ አየኋቸው። ይኼኔ ከሰልፉ አንድ ሰው፣ የድሮ ደንበኛቸው ይመስለኛል፣ ጮክ ብሎ ሰላም አላቸው። እጃቸውን መለሱ። ሰዓታቸውን አዩ። ሰልፉ ውስጥ ገቡና አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፍረው ሄዱ። ቤታቸው ከጥጉ ዞር እንዳሉ ነው፤ በአውቶቡስ የሚያስኬድ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ከረጢት ሞልቼ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ሳይከፍቱ፣ «እመቤቴ፣ ቤት ተሳስተዋል፤ እኔ ያዘዝኩት ዕቃ የለም» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ደጃፉ ላይ ትቼው ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት ጓዳውን ልከፍት ስመጣ ከረጢቱ አፉ እንደታሰረ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ነርሷም ሄዳ አንኳኩታለች፤ ለእሷም አልከፈቱም። በዚህ ዕድሜዬ በር ሰብሬ ሰው በግድ ላበላ አልችልም። ከመደርደሪያው አጠገብ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ ሩዙም ደረቅ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልሻገተችም።

በቅርቡ በስብሰባ ላይ በሠፈራችን የችግረኛው ቁጥር እየቀነሰ መሆኑን በደስታ መግለጽዎን ሰማሁ። እውነትዎን ነው። በመስታወቱ በኩል ለሚያይ ሰው ቀንሷል።

ምን ያድርጉልኝ ብዬ እንደምጠይቅዎ አላውቅም። ዛሬ መጋረጃ ቢፈቅዱ እንኳ ያየው ሰው እንዳላየ አይሆንም፤ ሰዓት ሠሪውም የታየባቸውን አይረሱም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት መጻፍ ስለተማርኩ ብቻ ነው።

ዕድሜዎ እንደ መስታወቱ ሰፊ፣ እንቅልፍዎም እንደ መጋረጃዎ ድርብ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ከመንገድ የምትታየዋ፣
የሠፈሩ ጓዳ አገልጋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቢሮዎ በውስጥ በኩል የለጠፈልን መመሪያ መስታወቱ በየጠዋቱ እንዲጸዳ ያዛል። እስከ ዛሬ እጄ እስከሚደርስበት ድረስ ሳጸዳ ኖሬያለሁ። የአውቶቡሱ ጭስና የመንገዱ አቧራ ግን ከሦስታችንም የበረቱ ሠራተኞች ናቸው፤ የሚከለክላቸው ካጡ መጋረጃ ለመሆን ብዙ አይፈጅባቸውም። ክቡርነትዎ ከፎቶ አንሺዎ ጋር መጥተው ቢያጸዱት ጨርቁን አቀብልዎታለሁ። እኔ ከነገ ጀምሮ ያን መስታወት አልወለውልም።