ስለተወሰደብን የወተት ማቀዝቀዣና ስለታሰሩት ሊቀ መንበራችን

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አቤቱታ ሰሚ ክፍል የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ሊቀ መንበራችን አቶ እምሩ ደበሌ እንዲፈቱና የማኅበራችን ማቀዝቀዣ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ወ/ሮ የሺዓለም ዘበነ፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለው የገበሬዎች ወተት ማኅበር ሱቅ ሻጭ ነኝ። ማኅበሩ የሱሉልታ ገበሬዎች ንብረት ነው። ከመቋቋሙ በፊት እያንዳንዱ ገበሬ ወተቱን ይዞ የቡና ቤቶችን በር ሲያንኳኳ ይውል ነበር። ነጋዴው እስኪረፍድ አቁሞት ባሻው ዋጋ ይወስድበታል፤ ካላሰኘው ውኃ አለበት ብሎ ይመልሰዋል። አቶ እምሩ ወተታቸው የተመለሰባቸው ዕለት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ማኅበሩን አቋቋሙ። ባሌ ሲሞትብኝ ለሥራ የጠሩኝ እርሳቸው በመሆናቸው ገለልተኛ ነኝ አልልም።

2. ገበሬዎቹ አዋጥተው የገዙትን ማቀዝቀዣ የአካባቢያችን የንግድ ቁጥጥር ክፍል በመስከረም ለአብዮቱ በዓል እንግዶች ብሎ ወሰደው። በዓሉ እንዳለፈ እንደሚመለስ ተነግሮን ነበር፤ አልተመለሰም። ስንጠይቅ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ ክፍሉ ተቆልፏል ተባልን። ክፍሉ በተከፈተበት ቀን ማቀዝቀዣውን አየሁት፤ የኃላፊው የመጠጥ ውኃ ነበረበት።

3. ሳይሸጥ የሚያድረው ወተት ስለሚረጋ እርጎ አድርገን መሸጥ ጀመርን። ደንበኛውም ወደደው። የቁጥጥር ክፍሉ ተቆጣጣሪ መጥተው ፈቃዳችሁ ለወተት እንጂ ለእርጎ አይደለም ብለው ከለከሉን። አቶ እምሩ በትሕትና ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ታዲያ ላሟን ዛሬ አትታለቢ ልበላት?» አሏቸው። ይህ ቃል በአብዮቱ ላይ እንደ ማላገጥ ተቆጠረባቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ የምራቸውን ነበር የጠየቁት።

4. በማግስቱ የተረፈው ወተት ሸተተ። ሕፃን ያቀፉ እናቶች ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ነበር። አፍልተን እንሽጠው ይሆን ብዬ አቶ እምሩን ሳማክራቸው፣ «ለልጄ የማልሰጠውን ለሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው ራሳቸው ተሸክመው ቦይ ውስጥ ደፉት። ከሰዓት በኋላ ወተት በመድፋት የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽመዋል ተብለው ተያዙ። ወተቱን ያበላሸው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እንድመሰክር ለመንኩ፤ ስምሽ አልተጠራም ተብዬ ተመለስኩ።

5. ባለቤታቸው ወ/ሮ አዳነች ከሱሉልታ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ጠባቂዎቹ ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ እርሳቸውን ግን አያስገቧቸውም። ትናንት ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ላሞቹን ለመሸጥ እንዳሰቡ ነገሩኝ። የሚያማክሯቸው ባላቸው አጠገባቸው የሉም። ሌሎቹም አባላት ወደ ቡና ቤቶቹ በር መመለስ ጀምረዋል። ገበሬው ተደራጅቶ ከነጋዴ ይላቀቅ ሲባል በየስብሰባው አጨብጭበናል፤ የተላቀቀውን ወደ ነጋዴው የመለሰው ግን ነጋዴ አይደለም።

ስለዚህ አቶ እምሩ እንዲፈቱ፣ ማቀዝቀዣው እንዲመለስ፣ እስኪመለስም እርጎ እንድንሸጥ እንዲፈቀድልን በአክብሮት አመለክታለሁ። ለምስክርነት በተጠራሁበት ሰዓት እቀርባለሁ።

ብዙ የምጽፈው ነበር። ነገር ግን የዛሬው ወተት አሁን ደርሷል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ልሽጠው።

ውሳኔዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሺዓለም ዘበነ
የማኅበሩ ሱቅ ሻጭ