የበራዴን ሆድ ለአገር ላሳዩልኝ ለክብርት ወይዘሮ ፈትሂያ

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ፈትሂያ፣
የ«ቤትና በረካ» የሬዲዮ ዝግጅት አዘጋጅና አቅራቢ፣
ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ድምፅዎስ? ስለ ድምፅዎ ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደሴ ብርድ ጉሮሮ ላይ እንደሚጫወት አውቃለሁ፣ የእርስዎ ጉሮሮ ደግሞ ዛሬ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን ድስት፣ ሰሃንና ምንጣፍ ያለው ሰው ሁሉ ንብረት ሆኗልና አላህ ከጉንፋንም ከሳልም ይጠብቅልን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ሻይ ቤቴ ናት፤ ይህን ደብዳቤ በሯ ላይ ለጥፌ፣ በየስልኩም እንዲዞር ፈቅጄ የምጽፍልዎ እሷ ሳትዘጋ አንድ ነገር እንዲያደርጉልኝ ለመለመን ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ረሂማ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሻይ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ፣ ከቢስቲማ አብራኝ ከመጣች ልጅ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን፣ ያለችንን አንድ ደህና ጫማ በየተራ እየተጫማን ኖረናል። የልጅቷ ስም ፈትሂያ ነበር። ያን ጊዜ «አንቺ» ነበር የምላት፤ አሁን «እርስዎ» ብዬ ስጽፍ እጄ እየተደናቀፈ ስለሆነ የፊደል ስህተት ቢያገኙበት በዚሁ ይያዙልኝ።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ዝግጅትዎ ከተጀመረ ወዲህ አምልጦኝ አያውቅም። የማቀዝቀዣ ሽታ በሎሚ ልጣጭ እንደሚጠፋ ካስተማሩኝ ጀምሮ ማቀዝቀዣ የምገዛበትን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ። የመታጠቢያ ገንዳ በቤኪንግ ሶዳ ሲታሽ እንደሚያበራ ስሰማም፣ ገንዳ ስለሌለኝ ባልዲዬን አብርቼበታለሁ። የመስኮት መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ መወልወልን፣ ጠባብ አፍ ያለውን ጠርሙስ ሩዝና ውሃ ጨምሮ መናጥን፣ ያረረ ድስት ጨው ነስንሶ ማሳደርን ከእርስዎ ሰምቼ ሠርቼበታለሁ፤ ሁሉም ይሠራል፣ ሐሰት አልናገርም። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ስከፍተው ግን ስለ ድስቱ ብዬ ብቻ አልነበረም። ድምፅዎ ሻይ ቤቴን ሲሞላው በልቤ እኮራ ነበር። ይህ ኩራት የት እንዳደረሰኝ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። በረጀብ ወር ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሳይታሰብ ሻይ ቤቴ ድረስ መምጣትዎን እንደ ትልቅ ክብር ቆጥሬዋለሁ። አቅፌዎት ማልቀሴን፣ የሚጠብቁ ደንበኞቼን ትቼ ለእርስዎ ብቻ አዲስ ሻይ ማፍላቴን፣ እርስዎም ጣፍጦዎት ማስደገምዎን አልረሳም። ሻዩ ካለቀ በኋላ «እስቲ በራዳችንን ልየው» ሲሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለትዝታ ነው ብለው ስልክዎን ሲያወጡ ክዳኑን የከፈትኩልዎ፣ ብርሃን እንዲገባበትም ወደ በሩ ያዘነበልኩልዎ እኔው በገዛ እጄ ነኝ። በሳምንቱ ያ ፎቶ በዝግጅትዎ ገጽ ላይ ወጣ፤ በሬዲዮም «አንዲት የኮምቦልቻ ሻይ ቤት ውስጥ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ» ብለው ጀመሩ፤ በራዱ በውስጡ የያዘውን ነጭ ቅርፊት ቆሻሻ አሉት፣ በእሱ የፈላውን ሻይ የጠጣ ሰውም ኩላሊቱ ውስጥ ጠጠር እያጠራቀመ መሆኑን እንዲያውቅ አስጠነቀቁ። ስለ ትዝታው አመሰግናለሁ፤ ከሁለታችን አልፎ የአገር ትዝታ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ስለ ስሜ። ደውዬ ስጠይቅዎ «ስምሽን አልጠራሁም እኮ» ማለትዎ ትልቅ መጽናኛ ሆኖኛል። እውነት ነው፣ አልጠሩም። ነገር ግን ሰማያዊ ሆኖ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ በራድ በዚህ ከተማ ከአንድ በላይ ስለሌለ፣ ፎቶውን ያየ የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ስሜን ከእርስዎ መስማት አላስፈለገውም። ክሩን የጠመጠመው ማን እንደሆነ ልንገርዎት? ሰኞ ገበያ ሄደን በጋራ የገዛነው ያ በራድ እጀታው ተሰንጥቆ እጄን ባቃጠለኝ ጊዜ፣ ከፈትል ክፍል የተጣለ ክር በቀሚስሽ ኪስ ይዘሽ መጥተሽ፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ጫፉን በጥርስሽ እየሳብሽ የጠመጠምሽው አንቺ ነሽ። ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት። ነጩ ቅርፊትም ያኔ ነበር። የዚህ ከተማ ውሃ በፈላ ቁጥር የሚተወውን ሁለታችንም አሳምረን እናውቀዋለን፤ ሎሚ ቆርጠን ስንፈገፍገው፣ ተመልሶ ሲይዝ፣ ደግመን ስንፈገፍገው ኖረናል፤ ኩላሊትዎም እስከ ዛሬ ደህና እንደሆነ ከድምፅዎ እረዳለሁ። በዚህ ቁጥር ላይ ቀልድ የለኝም። ከፍቶኛል። የማላውቃት ሴት ብታደርገው ኖሮ ተናድጄ እተወው ነበር፤ እርስዎ ስላደረጉት ግን እንዴት እንደምተወው አላወቅሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቋንቋ። በዚያች ክፍል ሳለን እርስዎም እንደ እኔ «በራድ» ነበር የሚሉት። ሬዲዮ ላይ ከወጡ ወዲህ «ማንቆርቆሪያ» ማለትን መርጠዋል፤ ቃሉ ያምራል፣ ለአፍም ይሞላል፣ እኔም ቅሬታ አልነበረኝም። ነገር ግን እንደሚያውቁት በእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ የሚባለው ከሶላት በፊት የምንታጠብበት የውዱእ ውሃ የሚያዝበት ነው፤ እሳት ላይ የሚወጣው በራድ ነው። እንግዲህ ፎቶው የወጣ ዕለት የባለቤቴ እናት ለቤታችን ስም ተጨንቀው፣ እርስዎ በሬዲዮ «ማንቆርቆሪያችሁን ውሃና አቼቶ ሞልታችሁ አሳድሩት» ያሉትን ምክር ለማንም ሳይናገሩ ፈጸሙ፤ በደንብ እንዲይዝለት ብለውም ውሃውን ትተው አቼቶውን ብቻ ሞሉት። የባለቤቴ አባት ሐጂ ኑርሁሴን ለሱብሒ ሶላት ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ አፍንጫቸው ላይ ሲደርሱ ግን ያሰሙት ድምፅ አዛን ያልቀሰቀሰውን ጎረቤት ሁሉ ቀሰቀሰው። በንጹህ ውሃ ውዱኣቸውን ደግመው መስጊድ ቢደርሱም አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሐጂ በዚህ ሰዓት ሰላጣ በልተው ነው ወይ የመጡት ብሎ ጠይቋቸዋል። ትዕግሥተኛ ሰው ስለሆኑ በማንም ላይ አልተቆጡም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ውሃ ሳያሸቱ ውዱእ አያደርጉም፣ ባለቤታቸውም ድምፅዎን ሲሰሙ ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ። ማንቆርቆሪያው በሕይወቱ እንዲህ አብርቶ አያውቅምና በእሱ ስም ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ምክርዎ ውጤት። ከዚህም በኋላ እምነቴ አልጎደለም። ምክሩ ለበራድ መሆኑን ለቤተሰቡ ካስረዳሁ በኋላ እኔው ራሴ በራዱን ውሃና አቼቶ ሞልቼ አፈላሁት፣ አሳደርኩት፣ ሲነጋም ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ወጣ። ውስጡን ሳየው ከሰኞ ገበያ የገዛንበት ቀን መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ አጥቤ፣ ውሃ ሞልቼ ከሰሉ ላይ ስጥደው ግን እሳቱ ጭስ ብሎ ጠፋ፤ በራዱ ከታች ያፈስሳል። ቆሻሻ ያሉት ነገር ለካ ስንት ዘመን ቀዳዳውን ደፍኖልኝ ኖሯል። ብየዳ ቤት ብወስደው በያጁ አገላብጦ አይቶ አበባ ትከይበት ብሎ መለሰልኝ። አሁን አዲስ በራድ አለኝ፤ እሱም በተራው ነጭ መያዝ ጀምሯል፣ ውሃው ያው ውሃ ነውና።

አምስተኛ፣ ስለ ደንበኞቼ፤ ዋናው ጉዳዬም ይህ ነው። ምንይሉ የሚባል የጭነት ሠራተኛ አለ፤ የእኔን ሻይ ሳይጠጣ የፋብሪካውን በር አልፎ አያውቅም ነበር። አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ተሻግሮ ከማዶ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት ስንገጣጠም ጎኑን በእጁ ያዝ አድርጎ «እትዬ ረሂማ፣ አይክፋሽ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። የሚያምነው የሬዲዮ ሰው ከነገረው እሱ ምን ያድርግ? እሱን ተከትለው የፈትል ክፍል ልጆች ሄዱ፣ እነሱን ተከትለው ጥበቃዎቹ ሄዱ፤ ፈረቃ ሲቀየር መቀመጫ ይታጣበት የነበረው አግዳሚ ላይ አሁን የጎረቤት ድመት ተዘርግታ ትተኛለች። ባለቤቴ ሰይድ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ቢሆን ሰሞኑን ወንበሮቹን ለድንኳን አከራዮች ብንሸጣቸውስ እያለ እንደ ቀልድ ማንሣት ጀምሯል። እንደ ቀልድ የሚያነሣውን ነገር ሁሉ በኋላ እንደሚያደርገው ከዚህ ቀደም አይቻለሁ።

ስለ ስመኝ ሳልነግርዎ ባልፍ ደግሞ ደስ አይለኝም። ስመኝ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት ናት፤ ደንበኞቼ ሁሉ የሄዱት ወደ እሷ ነው። ገበያዋ በመድራቱ ደስ ሊላት ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በነጠላዋ የሸፈነችውን ነገር ይዛ መጣች። የራሷ በራድ ነበር። ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝ፤ ከአንድ ቦኖ የምንቀዳ ሴቶች ነንና የእሷም እንደ እኔው ነጭ ነው። «የኔም እንዲህ ነው ብዬ ልንገራቸው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አንድ ሻይ ቤት መዘጋቱ ይበቃል፣ ዝም በይ አልኳት። በደብዳቤዬ እንድጽፈው ግን ራሷ አጥብቃ ስለለመነችኝ ጽፌዋለሁ። ይህች ሴት ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝታ አታውቅም፤ የማውቃት ከመንገድ ማዶ ለማዶ በእጅ ሰላምታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ካሳ አልጠይቅም። በሬዲዮ ይቅርታ እንዲጠይቁኝም አልፈልግም፤ ድምፅዎ ይቅርታ ሲጠይቅ በጣም ስለሚያምር የሰማው ሰው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ይመስለዋል። በስጦታ መልክ የኤሌክትሪክ በራድ ልከው፣ ስቀበል ፎቶ እንዲያነሱኝ አስበው እንደሆነም ከወዲሁ ይቅርብኝ። የምለምንዎ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር፣ የፋብሪካው በር ተከፍቶ ሰው ሁሉ ሲወጣና ሲገባ፣ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ምንይሉም ሌላውም እያየዎት አንድ ብርጭቆ ሻይ እንዲጠጡልኝ ብቻ ነው። ንግግር አያስፈልግም። ስልክዎን ደሴ ትተውት ይምጡ። ስኳሩን እንደ ድሮው አበዛልዎታለሁ።

ምንጣፍዎ ቡና የማይፈስበት፣ መስታወትዎ ጣት የማያርፍበት፣ በራድዎም ክዳኑን የሚከፍትበት እንግዳ የማይመጣበት ይሁን እያልኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ ጠይቄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዘወትር አድማጭዎ፣ ለአንድ ቀንም የዝግጅትዎ ርዕስ የነበርኩት፣
ረሂማ
ኮምቦልቻ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ፎቶው የወጣ ሰሞን ሠራተኞቹ «ይቺ የሬዲዮ ሴትዮ እዚህ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ አይተናታል፤ ታውቂያታለሽ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ መሥራትዎ እንዲወራ እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ ክብርዎን ልጠብቅ ብዬ «አላውቃትም» አልኳቸው። አሁን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ውሸታም ይሉኛል። መጥተው አግዳሚዬ ላይ ከተቀመጡ፣ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም መባሉን በደስታ እቀበላለሁ። ካልመጡ ግን የነገርኳቸው እውነት ነበር፤ አላውቅዎትም።