ቀለም ያልነካው ቀይ፦ የዶክተር ካሕሳይ ጎይቶም የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ካሕሳይ ከአባታቸው ከባቡር መካኒኩ ከአቶ ጎይቶም ረዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍረወይኒ ተስፋይ በ1958 ዓ.ም. ቂርቆስ፣ ለገሃር ጀርባ ተወለዱ። ከልጅነታቸው በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም፤ ሱቅ ተልከው የገዙትን ዘይት እንኳ ወደ ፀሐይ አንስተው ሳያዩ ቤት አይገቡም ነበር።

እዚሁ ሰፈር ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንተው፣ ዶክትሬታቸውን ጀርመን ሠርተው በ1991 ተመለሱ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሰገን ተወልደን አግብተው ካዛንቺስ ጎጆ ወጡ፤ ዮሃናንና አሉላን ወለዱ።

ሥራቸው፣ በቃ በአጭሩ፣ ብረት ላይ በዓይን የማይታዩ ጭረቶች እየጫሩ ብርሃንን እንደፈለጉ ማዘዝ ነበር። ማለቴ፣ አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ጠብታ ቀለም ሳይነካው ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህን ስንቶቻችን አመንን?

በ2011 የፋሲካ ማግስት ሥራውን ሊደግፉ ያሰቡ እንግዶች ቤታቸው ተጋበዙ። አብሮ አደጋቸው አቶ ተከስተ፣ የመኪና ቀለም ቀቢው፣ ጉርሻ ሲያዳርሱ በቆዩበት፣ የዶሮ ወጥ ቅቤ በነካው ጣት ለእንግዶቹ የቀረበውን የአሉሚኒየም ቁራጭ አሸት ቢያደርጉት ቀዩ ጠፋ። «ካሕሳይ፣ ይሄማ ቀለም ነው! እኔን ልትሸውደኝ?» አሉ። እንግዶቹ ተያዩ፤ ድጋፉም በዚያው ቀረ። ዶክተሩ ቅቤው ጭረቶቹን እንደሞላቸው ገብቷቸው በአልኮል ሲጠርጉት ቀዩ ተመለሰ። ለአቶ ተከስተ ቢያሳዩዋቸው፣ «ደግመህ ቀብተኸው ነዋ!» አሉ። ዶክተሩ ደግሞ «ማን ልኮት ነው?» እያሉ መብሰልሰል ጀመሩ። እድር ላይ እንኳ ተራርቀው ይቀመጡ ነበር። «ቀቢው ዶክተር» የሚለው ስም ደምበል ድረስ ተከተላቸው።

በ2017 የጉበት ሕመም ሲጠናባቸው ጭንቀታቸው አንድ ነበር፤ ልጆቻቸው የአጭበርባሪ ልጆች ተብለው እንዳይቀሩ።

በ2018 ጥቅምት ላይ አቶ ተከስተ ሆስፒታል መጡ። የገዛ ቅቤያቸውን በፌስታል፣ ራሳቸው የገዙትን አልኮል በኪሳቸው ይዘው ነበር። የእድሩ ጠያቂዎች ሁሉ እያዩ ያንኑ ቁራጭ ከዶክተሩ ራስጌ አንስተው ቅቤ ቀቡት፤ ቀዩ ጠፋ። ጠረጉት፤ ተመለሰ። «አልተቀባም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉ። ዶክተር ካሕሳይ እጃቸውን ጨበጡና፣ «አልኮሉን ግን ከማን ነው የገዛኸው?» ብለው ሳቁ።

ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አቶ ተከስተን ትተውልናል።

ምስክር ሳይፈልግ እውነቱን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።